የቀሚሱ ግራ እጅጌ

ቀሚሱ ከመሳቢያው ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። እትዬ ስንቅነሽ፤ የልጃቸው ልጅ ሊያ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጓደኛቸው የነበሩት እትዬ አበበች፤ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታደሰ፤ የሙዚየሙ የመጋዘን ኃላፊ ኢንግሪድ፤ እና እኔ፣ ብሩክ። ሰባተኛ ሰው አልነበረም። «እኔም ነበርኩ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ማጥራት የፈለግኩት፣ እትዬ ስንቅነሽ ባለፈው ጥር ካረፉ ወዲህ ስለዚያ ቀን የሚወራው ስለበዛ ነው። አንዱ ቀሚሱን እዚያው ለበሱት ይላል። አልለበሱትም። ሌላው አለቀሱ ይላል። እሳቸው አላለቀሱም፤ ያለቀሱት እትዬ አበበች ናቸው።

ያረፉት እዚህ ስዊድን፣ ሮግስቬድ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ፣ በቀን፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ጋሽ ታደሰ ሲደውሉልኝ ዮርድብሩ፣ የምሠራበት የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለቀምኩ ነበር። «ብሩክ፣ ስንቄ ሄደች» አሉኝ።  ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። በኋላ ሲታይ ሦስት ካርቶን በማይሆን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ተገኘሁ። አምስት ዓመት ስሠራ እንደዚያ ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ማኅበሩ ለአርባቸው መታሰቢያ ጥቂት ገጽ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት ጸሐፊ ስለሆንኩ አይደለም፤ ያየሁትን ስለምለካና ስለምቆጥር ነው።

ያወቅኳቸው ቬሊንግቢ በነበረ አንድ ትንሽ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ የሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ተቀጥረው ነበር የሚሠሩት። የጃኬቴን ዚፕ ላስቀይር ገባሁ። ጃኬቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉትና ሱሪዬን ያዩ ጀመር።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«የት ተማርክ?»

«የትም። አሮጌ ሱሪ ተርትሬ አየሁ።»

ከባንኮኒው ጀርባ ወጡ። ጎንበስ ብለው የጎኑን ስፌት ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በአውራ ጣታቸው ወረዱበት። ደንበኛ ወረፋ ይጠብቃል፤ ግድ አላላቸውም።

«አያምርም» አሉ። ቀና ሲሉ ደግሞ «ግን አይዋሽም። ቅዳሜ ሎካል ና» አሉኝ።

ሎካል የምንለው ማኅበራችን ሮግስቬድ ውስጥ የተከራየውን የምድር ቤት ክፍል ነው። እትዬ ስንቅነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ስፌትና ጥልፍ ያስተምሩ ነበር። የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጋሽ ታደሰ ለቁልፉ ሲሉ ስለሚመጡ አይቆጠሩም።

አጭር ሴት ነበሩ። የቀሚሳቸው አንገትጌ በግራ በኩል ሁልጊዜ ክር የገባባት አንዲት መርፌ ተሰክታበታለች። የትኛውንም ልብስ ከፊቱ አያዩትም። የሰባት መቶ ክሮን ሸሚዝ አምጣላቸው፣ ከበጎ አድራጎት ሱቅ የተገኘ ጨርቅ አምጣላቸው፣ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ቃል ነው፦ «ገልብጠው።» ውስጡን ሳያዩ ስለላዩ አይናገሩም። ይህ ልማዳቸው ሎካል ውስጥ አያልቅም፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ ቱነልባና ላይ ከፊታቸው የቆመን ሰው የኮት ጫፍ ቀስ ብለው ገለጥ አድርገው ቅምቅማቱን ሲያዩ በዐይኔ አይቻለሁ። እትዬ አበበች አብረው ሲሄዱ በእፍረት ሌላ ፉርጎ ይገቡ ነበር።

«አንድ ቀን ፖሊስ ይዞሽ እኔን ምስክር ብሎ ቢጠራኝ አላውቃትም ነው የምለው» ይላሉ እትዬ አበበች።

«አንቺ ጴንጤ አይደለሽ? ትዋሻለሽ እንዴ?»

«ላንቺ ብዬ ንስሐ እገባለሁ!»

ጥልፍ የተማሩት ልጅ ሳሉ ጎንደር ውስጥ ከአክስታቸው ነው። አክስታቸው በልጅነታቸው ከአንዲት ትልቅ ሴትዮ ሣጥን ውስጥ አየሁ የሚሉት የድሮ፣ በእነዚያ በነገሥታቱ ዘመን የተሰፋ የወይዛዝርት ልብስ ነበር። ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ክንዱ ላይ እየጠበበ ሄዶ አንጓ ላይ እንደ አምባር የሚጣበቅ እጅጌ፣ ከአንገት እስከ ሆድ የሚወርድ የሐር ጥልፍ። ከሥሩ ደግሞ ጠባብ ሱሪ፤ ሱሪውም ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠለፈ። እትዬ ስንቅነሽ ይህን ሲናገሩ የሚያምናቸው አልነበረም። «ሴት ሱሪ? ያኔ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ «አክስቴ አየሁ አለች። እኔ አላየሁም» ይላሉ። አለማየታቸው ምን ያህል ይቆጠቁጣቸው እንደነበር ያወቅኩት ስድስታችን መጋዘኑ ውስጥ ከነበርንበት ቀን በኋላ ነው።

በከተማው ካሉት ሙዚየሞች አንዱ ለማኅበራችን ደብዳቤ ጻፈ። መጋዘኑ ውስጥ ከአገራችን የመጡ ጥቂት ዕቃዎች አሉ፤ መጥታችሁ እዩልን፣ ምን እንደሆኑ ንገሩን ይላል። ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ በስዊድን ሰዓት አሥር ላይ፣ በፀሐይ ሄድን። ኢንግሪድ እጃችንን በሳሙና እንድንታጠብና በደንብ እንድናደርቅ ነገረችን። ከዚያ ሰፊና ጥልቀት የሌለው መሳቢያ ሳበች፤ ስሱን ነጭ ወረቀት ገለጠች።

ቀሚሱ ነጭ አልነበረም፤ ጊዜ ቅቤ አስመስሎታል። ጥልፉ ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴው ገና ትናንት የተጠለፈ ይመስል ነበር። አጠገቡ ጠባብ ሱሪ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ኢንግሪድ ካርዱን አነበበች፤ ሊያ እየተረጎመች፦ የወንድ ልብስ፣ ረጅም ሸሚዝና ሱሪ፣ ኢትዮጵያ፣ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአንድ መንገደኛ ንብረት ጋር የመጣ።

ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው። የመኳንንት ነው። ሱሪ አለዋ!»

«ታዴ፣ የወንድ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አበባ ይጠለፍበታል?» አሉ እትዬ አበበች።

«የድሮ ወንድ ያጌጥ ነበር። እንደ ዛሬ መሰለሽ?»

«አንተማ የሰርግህን ከረቫት ሚስትህ ናት ያሰረችልህ!»

እትዬ ስንቅነሽ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ ፊታቸውን ግድግዳው ላይ፣ ዐይናቸውን ግን በጎን በኩል ቀሚሱ ላይ አድርገው ነበር የቆሙት። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደሚያዩ አላወቅኩም። 

«ገልብጡልኝ» አሉ።

ሊያ ተረጎመች። ኢንግሪድ አይቻልም አለች፤ ጨርቁ አርጅቷል፣ ሊቀደድ ይችላል። ይሁንና የደረቱን ጫፍ ብቻ ከፍ አድርጋ፣ ከሥሩ ስስ ካርቶን አስገባችና መብራት አቀረበች። እትዬ ስንቅነሽ የደረቱን ቅድ ጠርዝ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ተመለሱ። እንደገና ወረዱ።

«ብሩክ፣ ማጉያህን አውጣ። ቁጠርልኝ።»

«ምኑን?»

«የመርፌ ቀዳዳውን።»

ቆጠርኩ። ቅዱን አሁን የያዘው ስፌት አንድ ረድፍ ነው። ከሱ ጎን ግን ክር የሌለባቸው፣ ባዶ የቀሩ የመርፌ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አንድ ረድፍ፣ ቀጥሎ ሌላ ረድፍ። በአንዱ ረድፍ ቀዳዳዎቹ ተቀራርበዋል፤ በሌላው ተራርቀዋል፣ በችኮላ እንደተሰፋ ልብስ። ከያዘው ጋር ሦስት ረድፍ ነው አልኳቸው።

«ሦስት» አሉ። ከዚያ ወደ ሊያ ዞረው በማይቸኩል ድምፅ ተናገሩ። «ለሴትዮዋ ንገሪያት። ይህ ደረት ሲፈለግ የሚከፈት፣ ሲበቃ የሚሰፋ ነው። ልጅ ስትወልድ ከፈተችው። ጡት ስታስጥል ሰፋችው። ሦስት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ቸኩላለች፤ ምናልባት ክብረ በዓል ደርሶባት ነው። ወንድ ሦስት ጊዜ ጡት አያጠባም በያት።»

ሊያ ፊቷ ቀላ። በስዊድንኛ መናገር ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች። ስትጨርስ ኢንግሪድ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ካርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ጋሽ ታደሰ «እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አሉ። እትዬ አበበች ያለቀሱት ያኔ ነው። እኔ ማጉያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተች፣ ስሟን ማንም የማያውቀው ሴት፣ ሦስት ልጅ ይዛ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ያስገቧት ደግሞ በቬሊንግቢ ሱቅ የሰው ሱሪ የሚያሳጥሩ ሴትዮ ናቸው።

እትዬ ስንቅነሽ ወደ ሱሪው ዞሩ። የተጠለፈውን ጫፍ ነኩና ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው እንዲህ አሉ፦ «አክስቴ አልዋሸችም።»

ስንመለስ ቱነልባናው ውስጥ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ያለ ምንም መግቢያ፣ «ሊያ በሰኔ ስቱደንት ናት» አሉ። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሱ ልጆች ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ ነጭ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ በጭነት መኪና ላይ ሆነው እየጨፈሩ ከተማውን ይዞራሉ። «ነጭ ትለብሳለች አይደል? እንግዲህ ያንን ትለብሳለች። ልክ እንደሱ አድርገን እንሰፋዋለን።»

«ሞርሞር፣ እኔ እኮ ገዝቻለሁ» አለች ሊያ። ሊያ አማርኛ ትሰማለች፤ ተርጉሚ ካላሏት በቀር የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። አያቷንም ሞርሞር ነው የምትላቸው።

«ይመለሳል።»

«ከሱሪው ጋር?»

«ሰኔ ይበርዳል።»

ሊያ ሳቀች፤ እሺም እምቢም አላለችም። እትዬ ስንቅነሽ ወደኔ ዘወር ብለው የዐይናቸውን ነገር የነገሩኝ ያኔ ነው። አንደኛው ዐይን ከዓመት በፊት ሄዷል፤ ሁለተኛውም ጀምሮታል። «መሃሉ የለም፤ ዳሩ አለ። ፊትህን ሳይ ፊትህ የለም፣ ጆሮህ ግን አለ።» ለዚህ ነበር በጎን የሚያዩት። ሐኪሙ የዚህ አገር በጋ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል፣ ላይቆይም ይችላል ብሏቸዋል። «ከሱ በፊት መጨረስ አለብኝ» አሉ። በቃ ይኸው ነበር። ቀሚሱ ከዐይናቸው በፊት ማለቅ አለበት፤ ሲያልቅም ሊያ መልበስ አለባት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሲመኙ አልሰማኋቸውም።

ጨርቁ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ። እኔ ሙዚየሙ ከሰጠን ፎቶግራፍና በዚያ ቀን ከወሰድኩት ልክ ተነሥቼ ንድፉን በወረቀት አወጣሁ። የሚያስቸግረው ሐሩ ነበር። ሱቅ የሚሸጠውን የጥልፍ ክር ሳመጣላቸው በጣታቸው አሽተው መለሱልኝ። ያኔ የጥልፍ ሐር በልቃቂት እንደልብ አይገኝም ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የሐር ጨርቅ ይገዛና ክሩ አንድ በአንድ እየተሳበ ይወጣል፤ ጥልፉ የሚጠለፈው በዚያ ነው። ይህን ከአክስታቸው ያውቁታል። ስለዚህ እሑድ እሑድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሎፒስ እየዞርን የሐር ሻሽ እንለቅም ጀመር። ቀዩን ከአንዲት ፊንላንዳዊት አሮጊት፣ ሰማያዊውን አንገቱ ከነተበ የወንድ ስካርፍ አገኘን። ቅዳሜ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከበው ክር ይስባሉ።

«ደህናውን ሻሽ አፍርሳችሁ!» ይላሉ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው።

«ለሚስትህ ብትገዛላት እኮ አናፈርሰውም ነበር» ይሏቸዋል እትዬ አበበች።

የደረቱንና የቀኙን እጅጌ ጥልፍ ራሳቸው እትዬ ስንቅነሽ ጠለፉት። የዚህን አገር ክረምት ሙሉ፣ ቤታቸው መስኮት አጠገብ። በመብራት አይሠሩም፤ መብራት ሰማያዊውን ጥቁር ያደርገዋል ይላሉ። ታኅሣሥ ላይ ይህች ከተማ ለጥልፍ የሚሆን ብርሃን የምትሰጠው ከአራት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ደመና ካለ ያም የለም። ሥራ በሌለኝ ቀን ሄጄ መርፌ ላይ ክር አስገባላቸው ነበር። ጠዋት ሃያ መርፌ አዘጋጅቼ ትራስ ላይ እሰካለሁ፤ ብርሃኑ ሲያልቅ ስንቱ እንደቀረ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድም አይቀርም ነበር። ጥር ላይ ስድስት ይቀር ጀመር። የካቲት ላይ አሥራ አንድ ቀረ። ይህን አልነገርኳቸውም። የቀኙ እጅጌ ያለቀ ቀን ትራሱ ላይ የቀረው አሥራ አራት ነበር፤ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ከዚህ በኋላ ያንተ ነው። ግራውን አንተ ሥራው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የዋናውን ቀሚስ ፎቶግራፍ ሳጠና ሁለቱ እጅጌዎች እኩል አለመሆናቸውን አይቼ ነበር። የእጅጌው ጫፍ ጥልፍ አንጓውን የሚዞሩ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቤቶች አሉት። ቀኙ አሥራ አንድ ቤት ነው። ግራው አሥር። የግራው መስመርም ይዋልላል። ይህ ስሕተት ነው ብዬ ወሰንኩ፤ የደከመ ሰው ስሕተት። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ግራውን ከቀኙ ጋር አስተካክዬ፣ አሥራ አንድ ቤት አድርጌ፣ በሦስት ሳምንት ጠለፍኩትና ይዤላቸው ሄድኩ።

በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«ያምራል» አሉ። ይህን ቃል ለእኔ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። ደስታዬን ገና ሳላጣጥመው፣ «ፍታው» አሉኝ።

«ለምን?»

«የሷ አይደለማ።»

«ዋናው ስሕተት አለበት፣ እትዬ። አስተካክዬው ነው።»

«ስሕተት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ቆጠርኩት። አሥር ነው።»

«ቆጠርክ። ገልብጠህስ አይተኸዋል?»

 አላየሁም ነበር። ፎቶግራፉ የላዩ ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በቅዳሜ «ገልብጠው» ሲሉ እየሰማሁ፣ ይህን አንድ ነገር አልገለበጥኩትም።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ መጋዘኑ ስንሄድ ሦስት ብቻ ነበርን፤ እሳቸው፣ ሊያና እኔ። ካርዱ ተለውጦ ነበር፤ «የሴት ልብስ» ይላል። ኢንግሪድ የግራውን እጅጌ ጫፍ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለበጠችልን። እትዬ ስንቅነሽ በዚያን ጊዜ ጥልፍ ማየት አይችሉም ነበር። ጣታቸውን ብቻ ዘረጉ።

የውስጡ መጀመሪያ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ክሩ ተወሳስቦ፣ ተበጥሶ፣ እንደገና ታስሮ። አውራ ጣታቸው እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«እዚህ ጋ ፈርታለች» አሉ። «ክሩን ገና ሳይላላ አጥብቃ ትስበዋለች። እዚህም ፈርታለች። እዚህ ጋ አንድ ሰው እጇን ይዟታል፤ ይቺን አንዷን ስፌት የወጋችው የቀኙን የሠራችው ሴት ናት። ከዚያ ለቀቀቻት።» ጣታቸው ወደፊት ሄደ። ቋጠሮው እያነሰ መጣ። «እዚህ ጋ ደግሞ… እዚህ ጋ ፍርሃቱን ረስታዋለች።»

ማስመሪያዬን አወጣሁ። የግራው የመጀመሪያ ቤት ስፋቱ አሥራ አራት ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው አሥራ ሦስት ተኩል። እየጠበበ ሄዶ የመጨረሻው አሥራ አንድ ሚሊሜትር፤ ልክ እንደ ቀኙ ቤቶች። አሥር የሆነው ለዚህ ነው። ጀማሪዋ ቤቶቹን አስፍታ ስለጀመረች አሥራ አንደኛው ቦታ አላገኘም። እኔ ያረምኩት አንዲት ልጅ ጥልፍ የተማረችበትን ጊዜ ነበር።

«ማን ናት?» አልኳቸው። «ልጇ ናት?»

«እንዴት አውቃለሁ? ልጇ ትሁን፣ የቤቷ ሠራተኛ ትሁን። እጇን ብቻ ነው የማውቀው።» ጣታቸውን አነሱ። «ግን ቁራጭ ጨርቅ አይደለም የሰጠቻት። የምታጌጥበትን ቀሚሷን ነው የሰጠቻት። ከዚያም ሳትፈታው ለበሰችው።»

ኢንግሪድ ምን እንዳሉ ጠየቀች። ሊያ ወዲያው አልተረጎመችም። የግራ እጅጌውን እያየች ቆማ ነበር።

በመመለሻችን ላይ፣ አሁን ገብቶኛል፣ ግራውን ከነስሕተቱ በሚሊሜትር ለክቼ እደግመዋለሁ አልኳቸው።

«ፍርሃቷንስ ከየት ታመጣዋለህ? አንተ መርፌ አትፈራም።» ከዚያ ሊያ ወዳለችበት ወደ ጎን ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ?» አለች ሊያ። «ሞርሞር፣ እኔ እኮ አልችልም። ቁልፍ እንኳ ሰፍቼ አላውቅም።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

የጠለፍኩትን ፈታሁት፤ ሊያ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። ለፈተና የምታጠናውን መጽሐፍ በአንድ እጇ፣ እጅጌውን በሌላ እጇ ይዛ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርታ ያወጣችው ሦስት ስፌት ነው፤ አንዱ ላይ ደም ነበረበት። ክሩን ሳይላላ ትስበዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጄ ይበላኝ ነበር።

«ብሩክ» አሉ እትዬ ስንቅነሽ። አያዩኝም፤ ግን ያውቃሉ። «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ከተትኩ። ከዚያ ከሊያ ጀርባ ቆመው፣ እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው አንዲት ስፌት አብረዋት ወጉ። አንዲት ብቻ። ከዚያ ለቀቋት።

የሊያ የመጀመሪያ ቤት አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ሆነ። ግንቦት ላይ ስትጨርስ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ነው። አላስቻለኝም፣ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ዘጠኝ ሆነ። ዋናው አሥር ነው።»

«የሷ አሥር ነው» አሉኝ። «የሊያ ዘጠኝ ነው።»

ትለብሰው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር። የገዛችው አጭር ቀሚስ አልተመለሰም፤ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል። እትዬ ስንቅነሽ አልጠየቋትም፤ እኛም እንድንጠይቅ አልፈቀዱልንም።

የስቱደንት ቀን ዘነበ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወላጆች ጃንጥላ ይዘው፣ የልጆቻቸውን የሕፃንነት ፎቶግራፍ በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ይጠብቃሉ። እትዬ ስንቅነሽን በአንድ በኩል እትዬ አበበች፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘናል። ጋሽ ታደሰ ፎቶግራፉን ተሸክመዋል። በሩ ተከፍቶ ልጆቹ እየጮኹ ሲወጡ ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም አጭር ነው፣ ሁሉም በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከመካከላቸው አንዷ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ከሥሩ ጠባብ የተጠለፈ ሱሪ አድርጋ፣ ነጭ ቆቧን በእጇ ይዛ ወደኛ ሮጠች።

«መጣች?» አሉ እትዬ ስንቅነሽ።

«መጣች» አልኳቸው።

«ምን ለብሳለች?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሊያ ደርሳ ግራ እጇን በሁለት እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። እትዬ ስንቅነሽ እጅጌውን በአውራ ጣታቸው አገኙት። ሙዚቃው ይጮሃል፣ የጭነት መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ የክፍል ጓደኞቿ ስሟን ይጠራሉ። እሳቸው አልቸኮሉም። ጫፉን ቀስ ብለው ገለበጡት።

«እዚህ ጋ ፈርተሻል» አሉ። «እዚህም።» ቀጠሉ። «እዚህ ጋ እኔ ነኝ።» ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ረስተሽዋል።»

ከዚያ አንገቷን ሳብ አድርገው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። በሙዚቃው ምክንያት አልሰማሁም። ሊያ ወደ መኪናው ወጣች። ዝናቡ ቀሚሱን አበሰበሰው፤ ሐሩ ቀለም አልለቀቀም። መኪናው ከዐይናችን እስኪጠፋ ድረስ እትዬ ስንቅነሽ ወደ ድምፁ ዞረው ቆመው ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ዘንበል አላሉም፣ ፊት ለፊት።

ሊያን አያቷ ምን እንዳሏት አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ። «የኔ ነው» አለችኝ። ይህን ብቻ በአማርኛ ስለመለሰችልኝ ነው መሰለኝ፣ ደግሜ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ያየሁት ይኸው ነው። የጎደለ እንዳለው አውቃለሁ። እትዬ አበበች የመርፌ ቀዳዳው ሦስት ሳይሆን አራት ረድፍ ነው፣ አራተኛዋን ልጅ ቆጥረህ አልጨረስክም ይሉኛል። ጋሽ ታደሰ የወንድ ነው ብዬ አላውቅም ብለው ይምላሉ። ኢንግሪድ መጀመሪያ መጋዘኑ የሄድን ቀን ዝናብ ነበር ትላለች፤ እኔ ፀሐይ ብዬ ጽፌያለሁ። ድሮ ቢሆን ሁላችሁንም አስተካክዬ አንድ አደርጋችሁ ነበር።

ይህን የጻፍኩት በደብተሩ የቀኝ ገጾች ላይ ብቻ ነው። የግራዎቹ ባዶ ናቸው። ደብተሩ ሎካል ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ይቀመጣል። በዚያ መጋዘን፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ወይም በዚያ ዝናብ ውስጥ የነበራችሁ፣ የምታስታውሱትን ጻፉበት። የኔን አትፍቱት፤ ቁጥራችሁ ከኔ ባይገጥምም ከጎኑ አስቀምጡት። ሊያም ከፈለገች፣ አንድ ገጽ አለ።